የዲላው ኮክቴል

ጡረታ የወጣ ዲፕሎማት ያገኘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከሁሉ የከበደህ ድርድር የትኛው ነበር?» ይላል። ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣ የወሰን ነገር ወይም የወንዝ ነገር ሊሰማ ጆሮውን ያቆማል። እኔም እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ከሁሉ የከበደኝ የዲላው ነው። «ዲላ ደግሞ ምን ድርድር ነበረ?» ብሎ ያዝናል፤ አርጅቼ የዘባረቅኩ ይመስለዋል። እናንተ ግን እንደሱ አትሁኑ፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ። ቁጭ የማለትን ጥቅም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። አፍሪካ በየተራ ነጻ እየወጣች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ባንዲራ የሚሰቀልበት ጊዜ ነበር። እኛም በየአገሩ ኤምባሲ እንከፍታለን። ለዚህ ሁሉ ኤምባሲ ሰው ከየት ይምጣ? ፈረንሳይኛ ሰላምታ የሚያውቅና ከረባት ማሰር የማያቅተው ሁሉ እየተጠራ ዲፕሎማት ሆነ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም እችል ነበር።

ትውልዴ ጌዴኦ፣ ወርቃ የምትባል ቦታ ነው። አባትና እናቴን በልጅነቴ አጥቼ ዲላ አጎቴ ቤት አደግኩ፤ ሚሽን ትምህርት ቤት ገባሁ፣ አዲስ አበባ ዘለቅኩ፣ በመጨረሻም ቤልግሬድ ባለው ኤምባሲያችን ሦስተኛ ጸሐፊ ሆንኩ። ሦስተኛ ጸሐፊ ማለት አምባሳደሩ ሲያስነጥሳቸው መሐረብ የሚያቀብል ሰው ማለት ነው። ዲላ ግን ይህን አያውቅም። ዲላ ውስጥ እኔ ንጉሡ ከባዕድ ነገሥታት ጋር ሲመክሩ መሃል ላይ ቆሜ የማስማማ ሰው ነበርኩ። ወሬውን ማን እንዳስወራው አላውቅም፤ እኔ ግን ለማስተባበል አልቸኮልኩም።

ሁለት ዓመት ከርሜ የዕረፍት ፈቃድ አገኘሁና ዲላ ገባሁ። በልቤ የነበረው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ ማርታ። ማርታ ሚሽን ትምህርት ቤት አብራኝ ተምራ እዚያው አስተማሪ ሆና የቀረች ልጅ ናት። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮሃል፤ እሷ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ድምጿ ጭራሽ ካልተሰማችሁ አገር ለቃችሁ ሂዱ። እኔና እሷ ከተስማማን ቆይተናል። የቀረው ሽማግሌ ልኬ አባቷን ማስጠየቅ፣ ፈቃዴ ሳያልቅ መጋባትና ይዣት መሄድ ብቻ ነበር። ያኔ ይህን «ብቻ» ስል አላፈርኩም።

አባቷ አቶ ጅግሶ የቡና ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ ንግግራቸው ግን ቸኩሎ አያውቅም። አንድ ቃል ከአፋቸው እስኪወጣ ሰው ዲላ ገበያ ደርሶ ይመለሳል።

አሁን የአገራችንን ወግ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። በእኛ ቤት ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም። ሽማግሎች ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ የመጡበትን ይናገራሉ። አባት «አልሰጥም» ይላል። ማለትም አለበት፤ ልጁን በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል። ሽማግሎች ይለምናሉ፣ ይለማመጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግመው ይመጣሉ። ሁሌም ቆመው ነው። አንድ ቀን አባት «ተቀመጡ» ይላል። ይህን ካለ አለቀ፣ ሰጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምርቃትና መብል ነው። ሙሽራው ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ በዚያ ሰፈር ዝር አይልም። ይህንን እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ግን ቤልግሬድ በሁለት ዓመት ከውስጤ አጥባ አውጥታዋለች።

አጎቴ ዱካለ ሽማግሎቹን መረጠ። እኔ ደግሞ ልዑካን ቡድን ያለ ዝግጅት አይሄድም ብዬ አግዳሚ ላይ ደርድሬ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ማን እንደሚናገር፣ እጅ የት እንደሚቀመጥ፣ ዓይን የት እንደሚያይ፣ ሁሉን አስረዳሁ። አዛውንቶቹ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከመካከላቸው አንደኛው፣ አጎቴን ራሱን ያጋቡት ሽማግሌ፣ ሳበቃ ብቻ ወደ አጎቴ ጎንበስ ብለው ልጁን ፀሐይ መታው ወይ ብለው ጠየቁት።

በዚህ ቢበቃኝ ደግ ነበር። እኔም አብሬ እሄዳለሁ አልኩ። አጎቴ የሚሰማውን ማመን አቃተው፤ ሙሽራ የራሱን ሽምግልና ሲሄድ በዕድሜው አላየም። እኔም በሥራችን «ታዛቢ» የሚባል ነገር እንዳለ፣ ታዛቢ ከኋላ ቆሞ ምንም እንደማይናገር፣ ይህም በዓለም ሁሉ የተከበረ አሠራር እንደሆነ አስረዳሁት። ምስኪን አጎቴ፣ ዓለምን ያየሁ እኔ ስለሆንኩ ያውቃል ብሎ ተሸነፈልኝ።

በተባለው ቀን ዳገቱን ወጣን። ሽማግሎቹ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት፤ እኔ ጥቁር ኮት፣ ባለ መስመር ሱሪ፣ ባርኔጣና ባዶ የቆዳ ቦርሳ ይዤ ከኋላ። ቦርሳውን ለምን እንደያዝኩ አትጠይቁኝ፤ ያለ ቦርሳ ድርድር አይቼ ስለማላውቅ ነው። አቶ ጅግሶ ወጡ፤ ጸለዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ባርኔጣዬን አዩ፤ ቦርሳዬን አዩ፤ ደግመው ጸለዩ። አጎቴ ባማረ አነጋገር የመጣንበትን ተናገረ። አቶ ጅግሶም የተለመደውን ጊዜያቸውን ወስደው «ልጃችን ገና ናት፤ አልሰጥም» አሉ።

እዚህ ላይ እባካችሁ ፍረዱኝ። በእኛ ሥራ «እምቢ» የሚባል ቃል የለም። «እናጠናዋለን» ይባላል፣ «በበጎ መንፈስ እንመለከተዋለን» ይባላል፣ «ጊዜው ሲፈቅድ» ይባላል። አንድ መንግሥት ፊት ለፊት «አልሰጥም» ካለ አምባሳደር ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ባንዲራ አውርዶ የሚሄድበት ቀን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ቃል ዳገቱ ላይ ስሰማው ክው አልኩ። አጎቴ ሊለምን ትንፋሹን እየሳበ ነበር፤ እኔ ግን ቀደምኩት። ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ ፊት ራመድ አልኩና፣ «ክቡር ሆይ፣ ውሳኔዎን በሙሉ አክብሮት ተቀብለናል። ስለሰጡን ግልጽ መልስ ከልብ እናመሰግናለን» ብዬ እጅ ነሳሁ። ዞርኩ። ወጣሁ።

ከኋላዬ የአንድ ሽማግሌ ከዘራ ሲወድቅ ሰማሁ። አቶ ጅግሶ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሽማግሎቹም ለእንዲህ ያለ ነገር የተሠራ ወግ ስለሌለ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ተከተሉኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁሉም አቀርቅሯል። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አዝኛለሁ፣ ነገር ግን ቢያንስ በክብር ወጥተናል አልኩት አጎቴን። አጎቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ» አለኝ፣ «ልጅቷን እኮ ሳይሰጡህ መለስካት።»

በማግስቱ ገበያ ስወጣ ወሬው ቀድሞኛል። አውቶቡስ ገደብ ከተማ ሳይደርስ ወሬው ገደብ ደርሷል። የማላውቃቸው እናቶች ሳይቀሩ ከንፈር መጠጡልኝ። የጌዴኦ ሰው እምቢ ሲባል ይለምናል፣ ያኮርፋል፣ ያለቅሳል፤ እምቢ ተብሎ ያመሰገነ ግን በታሪክ እኔ የመጀመሪያው ሆንኩ። ነገሩ ተቆልፏል። አቶ ጅግሶ መልሰው ቢጠሩን ልጃቸውን ገበያ እንዳወጡ ይቆጠራል። እኛም ተቀብለናል ብለን ከወጣን በኋላ የምንመለስበት ፊት የለንም። በሥራዬ ቋንቋ ልንገራችሁ ካላችሁ፣ ግንኙነቱ ተቋርጧል፣ ያቋረጥኩትም እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ማርታን ለማየት ትምህርት ቤቱ አጥር ዘንድ ሄድኩ። ልጆቹን ወደ ክፍል ሰድዳ መጣች። ድምጿን ለመስማት አጥሩ ላይ ጆሮዬን መለጠፍ ነበረብኝ።

«አባቴ እምቢ ያለው እንድትለምነው ነው» አለችኝ። «አንተ አመሰገንከው።»

ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። ገደብ ውስጥ የጭነት መኪና ያለው አንድ ቡና ነጋዴ ዓይኑን ጥሎባት ቆይቷል። የእኛን መውጣት ሲሰማ ሽማግሎቹን እያሰናዳ ነው። አባቷ አፍረዋል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውን እንደ ወጉ እምቢ ለማለት እንኳ ይፈራሉ፣ እሱም አመስግኖ ቢሄድስ? የነጋዴው ሽማግሎች የቤቱን ደጅ ከረገጡ እኔ አበቃልኝ ማለት ነው። የኔ ፈቃድም እያለቀ ነበር። አንድ ነገር አድርግ አለችኝ። ምን ላድርግ አልኳት። እሱን አላውቅም፣ ደብዳቤ ግን እንዳትጽፍ ብላኝ ሄደች።

ቤት ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ።

አትፍረዱብኝ፤ ሦስተኛ ጸሐፊ ሌላ ምን ያውቃል? መሥሪያ ቤት እንዳስተማረኝ አድርጌ፣ «የወርቃው ተወላጅ ለአቶ ጅግሶ ከፍ ያለ ሰላምታውን እያቀረበ፣ በቅርቡ የተከሰተውን ሁኔታ በጥሞና መከታተሉን ይገልጻል» ብዬ ጀመርኩና ገጹን ሞላሁት። አቶ ጅግሶ መነጽራቸው ተሰብሮ ስለነበር ደብዳቤውን እንዲያነብላቸው ለማን ሰጡ? ለማርታ። እሷም ከላይ እስከ ታች ዝም ብላ አነበበችና አጠፈችው። ምን ይላል ቢሏት፣ ሰላም ብሏል አለቻቸው። አቶ ጅግሶ ወረቀቱን ገልብጠው አይተው፣ ለአንድ ሰላምታ ይህን ሁሉ መልፋቱ ልጁ ደህና አይደለም ብለው አዘኑልኝ።

ፓስተሩ ዘንድም ሄድኩ። እሳቸው ለሁለቱም ወገን እንደሚጸልዩ፣ እኔ ግን ለራሴ በተለይ ብጸልይ ጥሩ እንደሆነ መከሩኝ። ጸለይኩ። እየጸለይኩ እያለሁ ነው ኮክቴሉ የመጣልኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻዬ አልወስድም።

ቤልግሬድ ውስጥ ሁለት የተኳረፉ አምባሳደሮች ሲኖሩ ሦስተኛው አገር ኮክቴል ይጠራል። ሁለቱም ይመጣሉ፣ ብርጭቆ ይዘው ሲዘዋወሩ «በአጋጣሚ» ይገጣጠማሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ በማግስቱ ኩርፊያው የለም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ዲላ ለምን አይሆንም? የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠራሁ፤ የአቶ ጅግሶንም ቤት ጠራሁ።

ዝግጅቱን ከአጎቴ ሚስት ከእትዬ ሩት ጋር ጀመርን። ወንበርና አግዳሚ ሁሉ ከቤትም ከግቢም ይውጣ አልኳት። ወለል ልናጥብ መስሏት ደስ እያላት ሁሉንም ጎረቤት ግቢ አስከመረች። በግ እንረድ ስትል አያስፈልግም አልኳት። ቆጮ በትንንሹ ይቆረጥ፣ በላዩ ላይ አይብ ጠብ ይበልበት፣ የሎሚ እሾህ ይሰካበት። ለመጠጥ ብርዝ በሻይ ብርጭቆ ይዙር፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሌላ ነገር አይቀምስምና። እትዬ ሩት የመጀመሪያዋን ቁራጭ በመዳፏ ይዛ አየቻት።

«ይሄ ለሰው ነው ለጫጩት?» አለችኝ።

ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚበላው አልኳት። ዓለም ሁሉ መራቡን አላውቅም ነበር ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደህና ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ እንግዶቹ መጡ። ይሳለማሉ፣ ይባረካሉ፣ ከዚያ መቀመጫ ይፈልጋሉ። መቀመጫ የለም። ወደ ግድግዳው ያያሉ፣ ወደ ቤት ውስጥ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የለም። እኔ በፈገግታ ብርጭቆ አስይዛቸዋለሁ። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ብርዝ ይዘዋል፤ ቆጮዋ ስትመጣ ሦስተኛ እጅ ከየት ያምጡ? ተዘዋወሩ እላቸዋለሁ፣ ወዴት ይሉኛል። አንድ አዛውንት ብቻቸውን ቆመው አይቼ ክርናቸውን ያዝኩና ወስጄ ከሌላ አዛውንት ጋር አስተዋወቅኳቸው፤ ወንድማማቾች ነበሩ። ሁለቱ ግን ጨዋ ስለሆኑ እንደ አዲስ ተጨባበጡ።

ማርታም መጣች። ከደጃፉ ቆማ ሁሉንም አየች። አንዷን ቆጮ ከእሾሁ ነቅላ ጎረሰች፣ እሾሁን መለሰችልኝ፣ እኔን አየችኝ፣ አንድም ቃል ሳትናገር ዞራ ወጣች። ድምጿን ዝቅ ማድረግ እንኳ አቁማለች። በቃ፣ ያለቀልኝ ያን ጊዜ ነው አልኩ።

በዚህ መሃል ሴቶቹ ወደ ማድ ቤት ዘልቀው ተመለከቱ። ድስት አልተጣደም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወንበሩ ተሸጧል፣ በጉ የለም፣ ቆጮው በጥፍር ልክ ተቆርጦ ለሰው ይታደላል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የዱካለ ቤት ተቸግሯል፣ ልጁም ከሥራው ተባሮ ነው የመጣው አሉ። አንዷ እናት ሹልክ ብላ ወጣችና ትንሽ ቆይታ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ ገባች። እትዬ ሩት እጅ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ቀጥሎ ሌላዋ ጎመን አመጣች፣ ሌላዋ ቅቤ፣ ሌላዋ ማር። ግቢው በኮባ ጥቅል ሞላ። እትዬ ሩት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ከዚያ በፊት ግን እኔን እንድትውጠኝ ነበር የምትለምነው።

ያኔ ነው በሩ የተከፈተው። አቶ ጅግሶ ናቸው። ትከሻቸው ላይ ትልቅ የቆጮ ጥቅል ተሸክመዋል፤ ወሬው ዳገቱን ወጥቷል። ቤት ተቸገረ ሲባል ሰምተው፣ የተጣሉት ቤት እንኳ ቢሆን፣ አልፈው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ከኋላቸው ማርታ አለች።

አቶ ጅግሶ ጥቅላቸውን አወረዱና ግቢውን ቃኙ። ሽማግሌው፣ እናቶቹ፣ ፓስተሩ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሟል። አንድም የተቀመጠ የለም። አዩ፣ ደግመው አዩ፣ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት፤ ለምን እንደተለወጠ ግን አልገባኝም። እኔ ነገር ቶሎ የሚገባኝ ሰው እንዳልሆንኩ እስካሁን ተረድታችሁኛል። አጎቴ ግን ገባው። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ፣ አንገቱን ደፋ። ሌሎቹ ሽማግሎች አዩትና ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ፣ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ግቢው በሙሉ እንዲሁ አደረገ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለአንዲት ልጅ ይህን ያህል ሽማግሌ ቆሞላት አያውቅም። ይህ ነገር ንግግር ይፈልጋል ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ «ክቡር ሆይ» ልል ነው፤ እትዬ ሩት ተረከዟን እግሬ ላይ አሳረፈችው። ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ የሰመረልኝ ያ ዝምታ ነው።

«ጅግሶ» አለ አጎቴ፣ «ቆመናል።»

አቶ ጅግሶ እንደ ልማዳቸው ጊዜ ወሰዱ። ሰው ዲላ ገበያ ሄደ፣ ጨው ገዛ፣ የዘመድ ጤና ጠየቀ፣ ተመለሰ። ማርታ ከአባቷ ትከሻ ጀርባ ታየኛለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ተቀመጡ» አሉ።

ግቢው በእልልታ ሊፈነዳ ሲል ሁሉም አንድ ነገር ትዝ አለው። ወንበር የለም። ሽማግሎቹ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። «ተቀመጡ» ተብሎ ያልተቀመጠ ሽማግሌ ደግሞ እንዳልተቀበለ ይቆጠራል፤ አንድ ጊዜ ተመላሽ የሆነች ልጅ ሁለተኛ ልትመለስ ነው። አጎቴ ዞሮ አየኝ። በልጅነቴ ያጠፋሁትን ሁሉ በዚያች ዓይን አሰባስቦ ነው ያየኝ። እኔም ወደ መሬቱ አየሁ። የዲላን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናብ ከጠገበ ደግሞ አይነገርም። ባለ መስመር ሱሪዬን አየሁት። ቤልግሬድ ከደመወዜ ቆጥቤ ያሰፋሁት ነው።

ተቀመጥኩ። ዷ ብዬ።

ከዚያ ሁሉም ተቀመጠ። እነሱ ግን ብልሆች ናቸው፤ የቆጮውን ጥቅል ፈትተው ኮባውን እያነጠፉ ነው የተቀመጡት። ሽማግሎቹ ኮባ ላይ፣ ፓስተሩ ኮባ ላይ፣ ሴቶቹ ኮባ ላይ፤ ጭቃ ውስጥ የተዘፈቅኩ እኔ ብቻ ነኝ። እልልታው ቀለጠ። አቶ ጅግሶ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ባርኔጣዬን አዩ፣ ጭቃዬን አዩ። ከዚያ የኮባቸውን እኩሌታ ቀድደው ሰጡኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ከሥርህ አድርገው።»

ልጄ አሉኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዕንባዬን በእጄ ልጠርግ ስል እጄም ጭቃ ስለነበር ፊቴ የባሰ ሆነ፤ ማርታ ያን አይታ ነው ሳቋ ያመለጣት። ሳቋ እንደ ቁጣዋ አይደለም፣ ሰፈር ይሰማል። እትዬ ሩት የእኔን ጥቃቅን ቁራጮች ሰብስባ ለእውነተኛዎቹ ጫጩቶች በተነች፤ የመጣው ቆጮ፣ ጎመን፣ ቅቤና ማር ተዘረጋ፤ ሰው እስኪጠግብ በላ፣ ተመራረቀ፣ ዘመረ። የገደቡ ነጋዴ ወሬውን ሲሰማ ለጥቂት ቀን አኮረፈ፣ ከዚያ ራሱ መጥቶ ለሠርጉ መኪናውን አዋሰን። ሙሽሪትን ከዳገቱ ያወረድናት በቡና መኪና ነው፤ እስካሁን የቡና ሽታ ሲመጣብኝ ሙሽራ ሙሽራ ይለኛል።

ቤልግሬድ ተመልሰን አንድ ቀን ማርታን ጠየቅኳት፤ ያን ዕለት ዳገቱን ወጥተሽ ለአባትሽ ምን አልሻቸው? «ሰው ሁሉ ቆሟል ነው ያልኩት» አለችኝ። «ወንበር የለም አላልኩም።» እኔም ይህችን ሴት መሥሪያ ቤቴ ቢያውቃት ሦስተኛ ጸሐፊ እሆን የነበረው ለእሷ ነው አልኩ። ከዓመታት በኋላ ለፈቃድ ስንመጣ ደግሞ አቶ ጅግሶን ራሳቸውን ደፍሬ ጠየቅኳቸው፤ በእውነት ያ ሁሉ ሰው ሊለምንዎት የቆመ መስሎዎት ነበር? አሰቡ፣ አሰቡ። ወደ እናንተ ስመጣ በጎረቤቱ ግቢ ነበር ያለፍኩት፣ ወንበሮቻችሁ ሁሉ ተከምረው አይቻቸዋለሁ አሉኝ።

ያ ሱሪ ስንት ጊዜ ታጥቧል፣ የዲላ ቀይ አፈር ግን ከመቀመጫው አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ አድጌ፣ ጡረታ ሳልወጣ እኔም አምባሳደር ሆኜ ነበር፤ ኮክቴል መጥራት የሥራዬ ግማሽ ነበር። በጠራሁት ኮክቴል ሁሉ ታዲያ እንግዳው ብርጭቆ ይዞ ሲቆም፣ ጥግ ላይ አንድ ባዶ ወንበር ትኖር ነበር። ማንም አይቀመጥባትም ነበር። እንግዶች የአገራችን ሥርዓት እየመሰላቸው ለማን እንደሆነች ይጠይቁኝ ነበር። ለአማቴ ናት እላቸዋለሁ። ዛሬ ይመጣሉ ወይ ይሉኛል።

አይመጡም፣ እላለሁ፤ ዲላ ናቸው። ግን ምናልባት በዚያ በር ገብተው «ተቀመጡ» ቢሉ፣ ሱሪዬ አዲስ ነው።